ቀፎ የወረደበት ዋንዛ

ከሚዛን ወደ አማን ስትሄዱ፣ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ የቆመውን፣ ሲመሽ ማር የመሰለ ብርሃን የሚሰጠውን የብረት ዛፍ የሠራሁት እኔ ነኝ። ስሜ ከሥሩ በተተከለው እምነበረድ ላይ የለም። እምነበረዱ ላይ 'ይህ ዛፍ ተመረቀ' ከሚለው ጋር ያለው የመረቀው ሰውዬ ስም ነው፤ ያውም በወርቃማ ቀለም። ቅር አይለኝም ብል ውሸት ነው፣ ቅር ይለኛል። ግን ስለ ስም ልከራከር አይደለም ይህን የምጽፈው። በባጃጅ የሚያልፉ ሰዎች "እንዴት ያምራል!" ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ፊቴን የማዞርበትን ምክንያት አንድ ጊዜ ተናግሬ ልገላገለው ብዬ ነው።

በር ሠሪ ነኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ቅርጻ ቅርጽ ተምሬያለሁ፤ ተመርቄ ስመለስ ግን ሚዛን ውስጥ ቅርጽ የሚያሠራ ሰው አልነበረም፣ በር የሚያሠራ ግን ሞልቷል። ብየዳ ቤት ከፈትኩ። በር፣ መስኮት፣ የበረንዳ ፍርግርግ እሠራለሁ። አንዳንድ ነጋዴ በሩ ላይ አንበሳ ካልተቀመጠ ገንዘቡ የታየ አይመስለውም፤ ለእነሱ አንበሳ እሠራለሁ። እስካሁን ከሠራኋቸው ውስጥ አንበሳ የሚመስል አንድም የለም፣ ደንበኞቼ ግን ረክተዋል። እንዲህ እየኖርኩ ነበር።

ያሳደገኝ አጎቴ ነው፣ የእናቴ ወንድም። አባቴ ከሰሜን በመምህርነት ተመድቦ የመጣ ሰው ነበር፤ ለዘመድ ለቅሶ ብሎ አገሩ ሄደና እዚያው ቀረ። እናቴ የቤንች ልጅ ነበረች፤ ገበያ ላይ ኮረሪማና ዝንጅብል ትሸጥ ነበር። በዚያ ልጅ መመገብ ይቻል ይሆናል፣ ማስተማር ግን አይቻልም። የጎደለውን የሚሞላው አጎቴ ነበር፤ እሱ ደግሞ የሚሞላው ቀፎ ከሰቀለበት ዋንዛ ላይ በሚያወርደው ማር ነው። ደብተሬ ከዚያ ዛፍ ነው የወረደ። ጫማዬም፣ አዲስ አበባ የሄድኩበት የአውቶቡስ ትኬትም፣ እዚያ የገዛሁት ቀለምም ከዚያው ነው። ለአጎቴ የምከፍለው ዕዳ አለብኝ ብዬ አላውቅም፤ እንዲህ ብለው ኖሮ በጥፊ ይለኝ ነበር። "አንቱ" ስለው እንኳን ይቆጣል። "እንግዳ ነኝ ወይ?" ይለኛል። አማርኛን ዘግይቶ ነው የለመደው፤ ለትልቁም ለትንሹም፣ ለቄሱም ለፖሊሱም አንድ "አንተ" ብቻ ነው ያለው።

ዋንዛው የቆመው መንገዱ በሚከፈልበት ቦታ ዳር ላይ ነበር። ትልቅ ነው። አበባው ሲደርስ ከላይ እስከ ታች ነጭ ይለብሳል፤ ያኔ ሥሩ የቆመ ሰው ንቦቹን ሳያይ ድምፃቸውን ይሰማል። ቅርንጫፎቹ ላይ የአጎቴ ቀፎዎች ታስረዋል፣ ከተቦረቦረ ግንድ የተሠሩ፣ በቅጠል የተሸፈኑ ረጃጅም ቀፎዎች። መሬቱ የአጎቴ አይደለም። ዛፉ ግን የእሱ ነው። በእኛ አካባቢ ደንቡ እንዲህ ነው፤ መሬቱ የማንም ይሁን የማን፣ ቀፎ የሰቀለበት ሰው የዛፉ ባለቤት ነው። ቀፎው እስካለ ድረስ መጥረቢያ የሚያነሳበት የለም። ባለቤቱ ቀፎውን ካወረደ ግን ዛፉን ለቀቀው ማለት ነው፤ ሌላው ሊሰቅልበትም ይችላል፣ ሊቆርጠውም ይችላል። ይህ የተጻፈበት ወረቀት የለም፤ ግን እንኳን የገጠሩ ሰው የከተማው ልጅም ያውቀዋል። መንገዱ ሲሰፋ የመጡት ማሽኖች እንኳ፣ ሽማግሌዎች ቀና ብለው ቀፎዎቹን ስላሳዩዋቸው፣ ዋንዛውን ዞረውት ነው ያለፉት። አስፋልቱ እዚያ ጋ ትንሽ የሚጎብጠው ለዚህ ነው።

ከዚያ ከተማዋን ለማስዋብ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው የሰፈሬ ልጅ ነው። አጎቴ ማር ሲያወርድ ሥሩ ተሰብስበን ሰፈፉን የምናኝክ ልጆች ነበርን፤ እሱም ከመካከላችን ነበር፣ ያውም ትልቁን ቁራጭ ቀድሞ የሚወስደው። አሁን መኪና አለው፣ ሹፌር አለው፤ ሱፍ ልብሱን በሚዛን ሙቀት አያወልቀውም። ብየዳ ቤቴ ድረስ መጣና የተገለበጠ ጣሳ ላይ በጥንቃቄ ተቀመጠ።

"አርቲስቱ፣" አለኝ፤ ከቸገረው ቀን ጀምሮ አርቲስት ሆንኩ፤ "መንገዱ የሚከፈልበት አደባባይ ላይ ትልቅ ነገር ማቆም እንፈልጋለን። ማታ የሚያበራ። ጀበና።"

"ጀበና የሌለበት አደባባይ ጠፍቶ ነው?"

"የቡና አገር ነን። ሌላ ምን ይቆማል?"

ጠመኔ አነሳሁና ግድግዳ የተደገፈ ላሜራ ላይ ዋንዛውን ሳልኩለት። ቀፎዎቹን ጨመርኩ። ከጎኑ ደግሞ ያንኑ ዛፍ በብረት ሳልኩ፤ ቀፎዎቹ ከውስጥ የሚያበሩ፣ አናቱ ላይ ነጫጭ ትናንሽ አምፖሎች ያበቡበት። "ቀን ቀን ሰው እውነተኛውን ያያል፣" አልኩት፣ "ሲመሽ ደግሞ የብረቱ ይበራል። ጎን ለጎን ናቸው።" ብዙ ዓመት በር ስሠራ ከርሜ ያን ቀን ልቤ ውስጥ ያለውን ሳልኩ። ሰብሳቢው ተነስቶ ቀረብ ብሎ አየው። ወደደው። እውነቱን ለመናገር ከልቡ ነው የወደደው፤ ይህን ብክድ ሌላው የምናገረውም አይታመንም። "ተፈጥሮ ወዳድነታችንን ያሳያል" አለ፤ በዚያችው ቅጽበት ዓረፍተ ነገሩ ለንግግር ተዘጋጅቶ እንደተቀመጠ ገባኝ።

ሥራው ላይ የነበርኩባቸው ወራት በሕይወቴ ደስ ያሉኝ ወራት ናቸው። ግንዱን ከወፍራም ቱቦ፣ ቅርንጫፉን ከፌሮ፣ ቅጠሉን ከበር ከተረፈ ላሜራ ሠራሁት። ቅርፊቱን በብየዳ ጠብታ በጠብታ ነው የገነባሁት፤ ሠራተኞቼ ኤሌክትሮድ ጨረስክብን ብለው አበዱ። አጎቴ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ይቀመጣል። ብየዳውን አትይ ስለው በጣቶቹ መካከል ያያል። ጠዋት ጠዋት እኔ ዋንዛው ሥር ሄጄ ቅርንጫፍ ስለካ ደግሞ ሰው ይሰበሰባል፤ "ዛፉ ሱሪ ሊሰፋለት ነው?" ይሉኛል።

አስቸጋሪው ቀፎው ነበር። መስታወት በዚያ ከፍታ ላይ አደገኛ ነው። ከአዲስ አበባ ያዘዝኩት ፋይበር ግላስ መንገድ ላይ ሰነጣጥቆ ደረሰ። ተስፋ ቆርጬ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አጎቴ በቢጫ ጀሪካን ውኃ ይዞልኝ መጣ። ሊቀዳልኝ ጀሪካኑን ከፍ ሲያደርገው የከሰዓት ፀሐይ ከኋላው መታችው። ሁለታችንም አየነው። እሱ ቀደመኝ፤ "ማር" አለ። ውኃውን ሳልጠጣ ጀሪካኑን ተቀብዬው በመጋዝ ሰነጠቅኩት።

ሰፈሩ ያለውን አሮጌ ጀሪካን ሁሉ አመጣልን። ጎኑን እየቆረጥን፣ በከሰል ሙቀት እያለዘብን፣ በክብ ብረት ላይ በሽቦ ሰፋነው። ውስጡ አምፖል ሲገባ ያ የውኃ ወረፋ ሲጠብቅ የኖረ ዕቃ ሌላ ነገር ይሆናል። ለኮሚቴው ከምን እንደሠራሁት አልነገርኳቸውም፤ ቢያውቁ ኖሮ ክብራችን ተነካ ይሉ ነበር። አጎቴ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቀፎዎቹን ዙሪያቸውን ዘግቻቸው ስለነበር አንዱን እያገላበጠ አየና "አፉስ?" አለኝ።

"መብራት ነው እኮ፣ አፍ ምን ያደርግለታል? ዝናብ ይገባበታል።"

"አፍ የሌለው ቀፎ ምን ቀፎ ነው? ወደ ታች አድርገው፣ ዝናብ አይገባም።"

ለእሱ ደስ እንዲለው ለእያንዳንዱ ከሥር በኩል ትንሽ አፍ ቀደድኩለት። ሰፈሩ ውስጥ መጀመሪያ ያበራነው ቀን መንገዱ በሰው ተዘጋ። ገና እየመሸ ነበር። አጎቴ ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ ሳቀ፤ የእናቴ ቀብር ካለፈ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም። "ዋንዛ ልጅ ወለደች" አለ። ያን ቀን ሥራዬ አለቀ፣ ከዚህ በኋላ ሌላ ምስጋና አያስፈልገኝም ብዬ አሰብኩ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር።

የብረቱ ዛፍ ተጭኖ ሄዶ ከዋንዛው ጎን ቆመ። የምረቃው ቀን ሲቃረብ ከላይ እንግዳ ይመጣል ተባለ። ሰብሳቢው ስብሰባ ጠራን። ድንኳኑ የት ይተከል፣ ምንጣፉ ከየት ይጀምር ተባለና ነገሩ ንቦቹ ላይ ደረሰ።

"እንግዳውን ቢነድፉትስ?" አለ አንዱ።

"ንብ ካልነኩት አይነካም፣" አልኩ፤ "ዕድሜ ልካችንን ሥራቸው ስንቆም ማንን ነደፉ?"

"የእኛ ሰውና እንግዳ አንድ አይደለም።"

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሮ፣ "አጎትህን አንተ ብትነግረው ቀፎዎቹን ለአንድ ቀን ብቻ ያወርዳቸው ነበር" አለኝ። አልነግረውም አልኩ። ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ አልኩት፤ በዚያ ስብሰባ ላይ ከነበሩት ውስጥ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ፈገግ አለ። "ምን ነካህ? ይህ የገጠር ጉዳይ ነው፤ እኛ ከተማ ነን" አለ። ያለ ቀፎ የምትመርቁ ከሆነ ያለ እኔም መርቁ ብዬ ወጣሁ። እስከ ቤቴ ድረስ በእግሬ ስሄድ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ አጎቴ ቤት ጎራ አልኩ። ቀፎዎቹ ግቢው ውስጥ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልለው መሬት ላይ ተጋድመዋል። እጁ ላይ የጭሱ ጥላሸት አለ፣ የግራ ጉንጩ አብጧል። 

"ለምን አወረድከው?"

"ቀንህ ነው፣" አለኝ። "ያ የሰፈራችን ልጅ መጣ። እዚህ ተቀመጠ። በቋንቋችን ነው ያናገረኝ። 'የእህትህ ልጅ ቀን በንብ ምክንያት እንዳይበላሽ' አለኝ። ለአንድ ቀን ነው። ከነገ ወዲያ ጠዋት እመልሳለሁ።"

"ዛፉን ለቀቅኩ ማለት እኮ ነው!"

ተቆጣኝ። "እኔ ነኝ ያወረድኩ፣ እኔ ነኝ የምሰቅል። ልጁ ደንብ ያውቃል። ማሬን በልቶ ነው ያደገ።"

አሁንም የሚያመኝ ይህ ነው። አጎቴ የተታለለው ስላላወቀ አይደለም። ያ ሰው ያውቃል ብሎ ስላመነ ነው። ሌላ ሰው፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ኃላፊ፣ "አውርድ" ቢለው አጎቴ በሩን ይዘጋበት ነበር። የራሱ ቋንቋ፣ የራሱ ሰፈር፣ የራሱ ማር ሆኖ ስለመጣበት ግን በሩን ወለል አድርጎ ከፈተለት። ያን ምሽት ሄጄ ቀፎዎቹን መልሼ እሰቅላለሁ ብዬ ገመድ ይዤ ተነስቼ ነበር፤ አጎቴ "ቀንህን በነገር አትጀምር" ብሎ ገመዱን ከእጄ ወሰደው። ለእሱ ስል ምረቃው ላይ ተገኘሁ።

ምረቃው ሲመሽ ነው የተደረገው፣ መብራቱ እንዲታይ። የሚዛን ዝናብ እንደ ልማዱ ሳይጋበዝ መጣ። እንግዳው ንግግር አደረገ፤ ተፈጥሮ ወዳድነታችን የሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጡ ነበረ። ከዚያ መብራቱን ሊያበሩ ሲሉ መብራት ሄደ። ሰው ሳቀ፤ ጄኔሬተር ተነሳ፤ ቀፎዎቹ አንድ በአንድ በሩ። ዝናቡ በቢጫው ብርሃን ውስጥ ሲወርድ ያየሁትን ነገር ክፉ ነበር ማለት አልችልም። ቆንጆ ነበር። ከሰው ኋላ የቆመውን አጎቴን ፈልጌ አየሁት፤ ንቦቹ የነደፉትን ጉንጩን ይዞ ቀና ብሎ ያያል።

እንግዳው ፎቶ ሊነሳ ቆመና ወደ ኋላው ዞር አለ። ዋንዛው ከኋላ ጠቁሮ ቆሟል። "ያ ዛፍ ፎቶውን አጨለመብን እኮ፣" አለ እየሳቀ፤ "ከዋናው መንገድ ለሚመጣ ሰውም ቅርጹን ይጋርዳል።" ሰውዬው እንዲሁ ነው የተናገረው። እርግጠኛ ነኝ ወደ መኪናው ሳይደርስ ረስቶታል። ሰብሳቢው ግን ጎንበስ ብሎ፣ "ይስተካከላል" አለ። ሰማሁት። ሰምቼም እንግዳን ለማስደሰት የሚባል ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

ጠዋት የሞተር መጋዝ ድምፅ ከእንቅልፌ አነቃኝ። የእንጨት መጋዝ ድምፅ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም፤ ግን ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ሲገባኝ ነጠላ ጫማ እንዳጠለቅኩ ሮጥኩ። ስደርስ አናቱ መሬት ላይ ነበር። አጎቴ ከእኔ በፊት ደርሷል። አንዱን ቀፎ በትከሻው ተሸክሞ፣ ገመዱን በክንዱ ላይ ጠቅልሎ፣ ሊሰቅል ነው የመጣው። ሰብሳቢው ከመኪናው አጠገብ ቆሟል፣ ጫማው ላይ ሰጋቱራ አለ።

አጎቴ ምንም አልጮኸም። "ዛፌ ነው" አለው በቤንች ቋንቋ።

ሰብሳቢውም በዚያው ቋንቋ፣ አንገቱን በአክብሮት ዝቅ አድርጎ መለሰለት። "አባቴ፣ ቀፎ አልነበረበትም። ደንባችንን ታውቃለህ።"

እንዲህ ነው ያለው። በአማርኛ፣ በመመሪያ፣ በማስተር ፕላን አስታክኮ ቢቆርጠው ኖሮ እጠላው ነበር፣ ይበቃ ነበር። የእኛን ደንብ ነው የጠቀሰው። ስብሰባው ላይ ከተማ ነን ያለው ሰው በዚያች ጠዋት የአገር ልጅ ሆነ። አንገቱን አነቅኩት፤ ሹፌሩና መጋዝ የያዙት ሰዎች አላቀቁን። አጎቴ ወደ እኛ አላየም። ቀፎውን ከትከሻው አውርዶ ጉቶው ላይ አስቀመጠው፣ ትንሽ ቆየና መልሶ ተሸክሞት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ፣ የሚስቱ ዘመዶች ያሉበት የቡና ማሳ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ከቀፎዎቹ ንቦቹ ወጥተው ሄዱ አሉ፤ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም። ልጠይቀው ሄድኩ። ተቀበለኝ፣ ሙዝ አቀረበልኝ፣ ስለ ዝናብ አወራን። ስወጣ ሳላስበው "ደህና ይሁኑ" አልኩት። አልተቆጣም። "ደህና ሁን" ብሎ በሩ ላይ ሸኘኝ፤ እንደ እንግዳ። ያን ቀን ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ። ሹፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አደረገልኝ።

ሰዎች ጥፋቱ የአንተ ነው ወይ ይሉኛል። አይደለም። በዚህ ጉዳይ ራሴን እየገረፍኩ አልኖርም፤ የገረፉኝ ይበቃሉ። እኔ የሳልኩት ሁለት ዛፍ ነው። በንድፉ ላይ ሁለት ዛፍ አለ፤ የፈረሙበት ሁለት ዛፍ ላይ ነው። እነሱ አንዱን አይተው አንዱን ጣሉ። ግን ሥራዬን ባየሁት ቁጥር ምን እንደሆነ ይገባኛል፤ የዋንዛው የመቃብር ሐውልት ነው። ሙሽሮች ከነአማቶቻቸው ሥሩ ፎቶ ይነሳሉ። አንድ ጊዜ ለሌላ ጉዳይ ሰብሳቢው ቢሮ ጠርቶኝ ነበር፤ አዲስ ሰፊ ጠረጴዛ አሠርቷል። መዳፉን እየዳበሰበት፣ "ከዚያው ዛፍ ነው፣ ለቅርስ ብዬ አስቀረሁት" አለኝ። ዋንዛ ለቤት ዕቃ ተወዳዳሪ የለውም። ጠረጴዛው በጣም ቆንጆ ነበር፣ እኔም ዕቃ አዋቂ ስለሆንኩ ቆንጆ መሆኑን ማየት ግዴታዬ ሆነ።

ጥገናውም በውሉ የእኔ ነው። ክረምት ሲገባ አምፖሎቹ መሞት ይጀምራሉ፤ እየደወሉ "ሦስተኛው ጠፋ" ይሉኛል፣ መሰላል ይዤ እሄዳለሁ። ባለፈው ዓመት ወደ ጉቶው በኩል ያለው ቀፎ መብራቱ ጠፋ። አልደወሉም፤ እኔም አልቸኮልኩም። ዝናቡ ጋብ ብሎ አበባ ሲደርስ አዲስ አምፖል ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። እጄን ወደ ቀፎው ሳስጠጋ ላስቲኩ ከውስጥ ይነዝራል። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ መስሎኝ እጄን ሰበሰብኩ። ከዚያ ከሥር በኩል፣ አጎቴ በጠየቀኝ አፍ በኩል፣ አንዲት ንብ ወጥታ አየችኝና ተመልሳ ገባች።

መሰላሉ ላይ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ስወርድ አምፖሉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጎንና ጎን ያሉትን ቀፎዎች የመብራት ሽቦ ነቅዬ ነው የወረድኩት፣ ሙቀቱ እንዳይጎዳቸው። ከዚያ በቀጥታ ሸዋ ቤንች መንገድ ላይ ባጃጅ ያዝኩ።

"ንቦቹ መጥተዋል፣" አልኩት በሩ ላይ ቆሜ፤ "ዛፉ ላይ ናቸው። ያንተ ናቸው። ዛፉም ያንተ ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።" ልጅ ሆኜ የፈተና ውጤት ይዤ ስመጣ የነበረኝ ዓይነት ደስታ ነበር ያደረብኝ። ይቅር ይለኛል ብዬ ነበር፤ ምን ይቅር እንደሚለኝ ሳላውቅ።

አብሮኝ መጣ። ከዚያች ጠዋት ወዲህ ወደዚያ ቦታ ሲመለስ የመጀመሪያው ነበር። ጉቶውን አላየም፣ ወይም እንዳላየ አለፈው። የብረቱ ግንድ ላይ ጆሮውን አስጠግቶ ቆመ። ድምፁ በቱቦው ውስጥ ይወርዳል። ለጥቂት ጊዜ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ቀና አለና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ጥሩ ናቸው፣" አለ። "ግን የእኔ አይደለም። የእኔ ተቆርጧል።"

"አጎቴ..."

"ቀፎውን ማን ሠራ? አንተ። ማን ሰቀለ? አንተ። ይሄ ያንተ ነው።" ክንዴን ያዘኝ፤ ዋንዛው ከተቆረጠ ወዲህ ሲነካኝ የመጀመሪያው ነበር። "እንግዲህ ጠብቀው። እስከ መቼ እንደሚተዉልህ ታያለህ።"

ከዚያ ወዲህ ያሉትን ወራት ማር አላወረድኩም። እንዴት እንደሚወርድም በቅጡ አላውቅም። እጠብቃለሁ ብቻ። ሲመሽ ሄጄ ከሥሩ እቆማለሁ፤ ሰዎች ሥራውን የሚያደንቅ አርቲስት ይመስላቸዋል። ሌሎቹ ቀፎዎች ይበራሉ፣ እነዚያ ሦስቱ ጨለማ ናቸው። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የምወደው ያን የጨለመውን ነው።

ዛሬ ጠዋት ሰብሳቢው ደወለ።

"አርቲስቱ፣ እንዴት ነህ? እንግዳ አለብን። መብራቱ በሙሉ እንዲበራ እፈልጋለሁ። አንዱ ውስጥ ንብ ገብቶበታል አሉኝ?"

"ገብቶበታል።"

"አውርደው እንጂ። ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከፈለግህ በኋላ ትመልሰዋለህ።"

እንኳን ቃሉን፣ የድምፁን ለስላሳነት እንኳ አልቀየረውም። የአጎቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ አጎቴን ያግባባበት ድምፅ ይህ እንደሆነ አሁን ገባኝ። አንድ ሰው ይህን ድምፅ ሰምቶ በር ቢከፍት አይፈረድበትም።

"ቀፎ አለበት፣" አልኩት፤ "ደንባችንን ታውቃለህ።"

ሳቀ። "ብረት ነው እኮ፣ ወንድሜ!"

"እምነበረዱ ላይ ዛፍ ነው ብላችሁ የጻፋችሁት።"

 የሱፍ ልብሱ ሲንኮሻኮሽ፣ ወንበሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፤ ክንዱን ያ ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ እንደሆነ ታየኝ። "ችግር የለም፣" አለ በመጨረሻ፣ አሁንም በዚያው ድምፅ፤ "አንተ ካልተመቸህ መሰላል ያለው ሌላ ሰው እንልካለን።" ስልኩን ዘጋ።

ብየዳ ቤቱን ቆልፌ ወጣሁ። ሁለት በር እየጠበቁኝ ነው፣ አንዱ አንበሳ ያለበት፤ ባለቤቶቹ ይቆጡ። እዚህ ጉቶው ላይ ተቀምጫለሁ፣ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ፣ ከላይ የንቦቹ ድምፅ ይሰማኛል። እስካሁን ማንም አልመጣም። ይመጣሉ፤ የሰፈሬን ልጅ አውቀዋለሁ።